የማክሰኞው የጆሮ ተረኛ

ክቡራትና ክቡራን፤

ትናንት በልብስ ሰፊዎች ማኅበራችን አዳራሽ፣ ሊቀመንበሩ ፊት ስሰናበት «ጓዶች» ብዬ ነበር የጀመርኩት። ዛሬ በእትዬ ከድጃ ቤት፣ በሩ ተዘግቶ፣ ቆጮው ቀርቦ፣ ክቡራን ብዬ ብጠራችሁ ማን ይከሰኛል? እትዬ፣ ቤትዎንም እሑድዎንም ስለሰጡን አመሰግናለሁ። ጋሽ አባይነህ፣ አመሰግናለሁ። ጋሽ ማሞ፣ እርስዎንም። እውነቱን ለመናገር እርስዎ ይቀራሉ ብዬ ነበር።

ለትናንቱ ንግግሬ ደህና አድርጋችሁ አጨበጨባችሁ። የጻፈው ሊቀመንበሩ ነው፤ እኔ አንባቢ ነበርኩ። የዛሬው የራሴ ስለሆነ ጭብጨባው ይቅርና እየበላችሁ ስሙኝ።

ነገ ጠዋት ወደ ጦር ማሠልጠኛው እሄዳለሁ። ከዚያ ወዲያ ወዴት እንደሚወስዱን ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም አይናገረውም። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ነፋስ ስልክ ተቀምጦ ልብስ ሲሰፋ ቆየ ይባልልኝ እንጂ፣ እኔስ የኖርኩት ጠፈር ላይ ነው።

አጀማመራችንን ታስታውሳላችሁ? የትናንቱ የእንግሊዝኛ መምህር፣ የዛሬው ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂያችን ጋሽ አባይነህ ከመርካቶ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ሦስት ተከታታይ መጻሕፍት ገዝተው መጡ።

«ስለ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ወደ ሌላ ኮከብ ስለምትጓዝ መርከብ ነው። መንገዱ ረጅም ስለሆነ የሚደርሱት የልጅ ልጆቻቸው ናቸው።»

ጋሽ ማሞ መቀሳቸውን አስቀመጡ። «ይሄ ምን ይደንቃል? እኛስ ከዚህ ለገሃር ለመሄድ አውቶቡስ ስንጠብቅ የሚደርሰው የልጅ ልጃችን አይደለም?»

ሳቅን። በዚያው ሳቅ መርከቧ ላይ ተሳፈርን።

ጋሽ አባይነህ እየተረጎሙ በልብስ መቁረጫ ንድፍ ጀርባ ይጽፉልን ጀመር። የእጅጌ ንድፍ አገላብጦ የሚያነብ ፈታሽ የለማ። አንደኛው ምዕራፍ እጅጌ፣ ሁለተኛው ኮሌታ፣ ሦስተኛው ኪስ ሆነ። ወሬያችን ሁሉ ተበላሸ። «ኮሌታው ላይ ካፒቴኑ ይሞታል» ስላቸው፣ እትዬ ከድጃ «አንተ ቀዥቃዣ፣ እኔ ገና እጅጌው ላይ ነኝ» ብለው የክር ማጠንጠኛ ወርውረውብኛል።

አንድ ቀንማ ጋሽ ማሞ እውነተኛውን ንድፍ ትተው በሁለት ምዕራፍ ጨርቅ ቆረጡ። ሁለት ግራ እጅጌ ያለው ኮት ተወለደ። ባለቤቱ ሲቆጣ «ጓድ፣ ዘመኑ የግራ ነው» አሉት። ሰውዬው ኮቱን ይዞ ሄደ። እንዲህ ከሚመልስ ሰው ጋር በዚህ ዘመን ማን ይሟገታል?

የት ነበር የምናነበው? ማክሰኞ ማክሰኞ፣ የውይይት ክበብ ላይ፣ የመጨረሻው አግዳሚ ወንበር። አንዱ በተራው ለሁላችንም ይሰማል፤ የጆሮ ተረኛ አልነው። ሌሎቻችን ጉልበታችን ላይ እጅጌና ኪስ ዘርግተን እናነባለን። የማጨብጨቢያው ሰዓት ሲደርስ ተረኛው ያስላል። እጅ የሚወጣ ሲሆን ጉልበት ይነካል፤ የተነካው የጎረቤቱን ይነካል፤ አራታችንም እጃችንን እናወጣለን። ስንት ነገር እንደደገፍን ፈጣሪ ይወቀው። እኛ አናውቀውም።

ያቺ ማክሰኞ ተራው የጋሽ ማሞ ነበር።

እኔ ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ነበርኩ። በሁለተኛው መጨረሻ የመርከቧ ልጆች ሁሉ የሚፈሩትን የመሪውን ክፍል በር ሰብረው ሲገቡ ወንበሩ ላይ ማንም የለም። አቧራ ብቻ። እነዚያ አባቶች ዕድሜ ልካቸውን እጅ የነሡት ለባዶ ወንበር ኖሯል። በሦስተኛው፣ በእኔ ዕድሜ ያለች አንዲት ልጅ ልትቀመጥበት ወደ ወንበሩ ትጠጋለች። አንድ እርምጃ ቀርቷታል። ጉልበቴ ተነካ።

እጄን አወጣሁ። አዳራሹ በሙሉ እጅ ሆነ። ከዚያ ሳል መጣ፣ አጨበጨብኩ። ቀና ስል ሰው ሁሉ ወደ እኔ ያያል። ሊቀመንበሩ ፈገግ ብሎ «ጓድ ኑሪ ራሱም በሙሉ ልብ ደግፏል» አለ።

ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ከማኅበራችን አንድ ሰው ጠይቆ ኖሯል። የራሴን መሄድ በራሴ እጅ አጸደቅሁ።

ውጭ ስንወጣ ጋሽ ማሞን ጠየቅኋቸው።

«ስሜ ሲጠራ ሰምተው ነበር?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ነኩኝ?»

«የአንተ እጅ ብቻ ሳይወጣ ቢቀር ምን ይሉሃል ብዬ፣ ለአንተው ፈርቼ ነው ልጄ።»

ጋሽ ማሞ፣ ስለፈሩልኝ አመሰግናለሁ። እስከዚያች ቀን ድረስ «እኔ ገና ጎረምሳ ነኝ» ሲሉን የኖሩ ሰው፣ በማግስቱ ጣሊያን ሲገባ ትዝ እንደሚልዎት አወሩን። አንድ ሰው በአንድ ሌሊት እንዲህ ሲያረጅ አይቼ አላውቅም። ጋሽ አባይነህም ከጠፈር ወርደው «እንግዲህ የቤቱ ውሳኔ ነው» አሉኝ። የትኛው ቤት? ያ ቤት እኮ እኛ ነን። እትዬ ከድጃ ብቻ አለቀሱ፤ እርስዎም ቢሆኑ እጅዎን አውጥተዋል እትዬ።

ይኸው ጋሽ አባይነህ ሳምንቱን ሙሉ ሲተረጉሙ ሰንብተው የሦስተኛውን መጽሐፍ መጨረሻ ጠቅልለው ይዘውልኝ መጥተዋል። ቅድም ስገባ «ና፣ ልጅቷ ምን እንደሆነች ሳትሰማ አትሂድ» አሉኝ።

አልሰማም። ጥቅሉን አይፍቱት።

ለማወቅ ሳልጓጓ ቀርቼ አይደለም፤ ከዚያች ማክሰኞ ወዲህ የማስበው እሷን ብቻ ነው። ግን መጨረሻውን ካነበባችሁልኝ ነገ «ልጁን ደስ አሰኝተን ሸኘነው» ብላችሁ ልትተኙ ነው። ይቆየኝ። ከተመለስኩ እዚሁ ተቀምጬ አነበዋለሁ። ካልተመለስኩ ወንበሩ ባዶ እንደሆነ ይቆይ።

አንድ ነገር ቀረኝ። የሚመጣው ማክሰኞ የጆሮ ተራው የእኔ ነበር። እስቲ፣ የሚተካኝ ሰው እጁን ያውጣ።

ምነው? ዛሬ ክንዳችሁ ከበደ?

በሉ ልመርቅና ልቀመጥ፤ ልጅ ሽማግሌን ሲመርቅ ያስቃል፤ ጥቂት ብትስቁ ደግሞ ደስ ይለኛል። እትዬ ከድጃ፣ ቤትዎ ሰው አይጣ፤ ይህ በር ለሸኚ ሳይሆን ለተቀባይ ይከፈት። ጋሽ አባይነህ፣ ተደብቀው ሳይሆን በአደባባይ፣ በእውነተኛ ወረቀት የሚያስተምሩበትን ዘመን ያሳይዎት። ጋሽ ማሞ፣ ልጅዎ ሞልቱ ዘንድሮ አሥራ ስድስት ሞላው። ፈጣሪ ያሳድግልዎ። ስሙ በሚጠራ ቀን የጆሮ ተረኛው ሌላ ሰው ይሁንለት።

አሜን በሉ እንጂ። ለዚህ እጅ ማውጣት አያስፈልግም።