አንድ ማይክ ለአባቴ

በቀደም ማይክ ከላፕቶፕ ጋር የሚያገናኝ ኦዲዮ ኢንተርፌስ ልገዛ ኡራኤል አንድ ሱቅ ገባሁ። የካዛንቺሱ ቤታችን ሊፈርስ ስለሆነ፣ አባቴ ስለ ሰፈሩ ሲያወራ ልቀዳው አስቤ ነው። ሻጩ "ባለ አንድ ማይክ ወይስ ባለ ሁለት?" አለኝ። "የሚያወራው አባቴ ብቻ ነው" ስለው፣ "እናትህ አሉ?" ብሎ ጠየቀኝ። ምን አገባው ብዬ ባለ አንዱን ይዤ ወጣሁ።

አባቴ "እዚህ የገባነው ክረምት ላይ ነው" ከማለቱ እናቴ ከጓዳ "ኧረ በጋ ነው!" አለች። ቀረጻው በሙሉ እንደዚሁ አለቀ፤ እሱ ከቅርብ፣ እሷ ከሩቅ። በማግስቱ ስመለስ ሻጩ ምንም ሳይጠይቅ በባለ ሁለቱ ቀየረልኝ። ሁለተኛውን ማይክ እናቴ ፊት ሳቆምላት ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠችና፣ "በቃ፣ እሱ እንዳለው ነው" አለች። አባቴ ወሬውን አቁሞ ወደሷ ዞረ።

"በጋ ነበር አይደል?"