ከሁለቱ ጉድጓዶች መሃል

አለቃዬን አንድ ቀን ከቢሮ አስወጥቼ እዚሁ ድሬ፣ ደቻቱ ድልድይ ላይ አቆምኩት። ምን ሆኜ መሰላችሁ? የወርቅ ፍለጋ ቁፋሯችን ውጤት መጥቶ ሁለት ጉድጓዶች ጥሩ ወርቅ አሳይተዋል። አለቃዬ በዕድሜ እኩያዬ ነው፤ ደስታው መቀመጫ አሳጣው። ካርታው ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው በቀይ እስክሪብቶ መስመር ሳበና «ይሄ ሁሉ ወርቅ ነው፤ መሃል ላይ ያሉት ገበሬዎች ይነሳሉ» አለኝ። መሃሉን እኮ አልቆፈርነውም! ብግን አልኩ።

ድልድዩ ላይ «ወዲህ ከዚራ፣ ወዲያ መጋላ፤ ሁለቱም ከተማ ነው። መሃሉስ?» አልኩት።

ቁልቁል አየ፤ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ክረምት ሲመጣ ጎርፍ የሚወርድበት።

«የድሬ ምድር ስንጥቅ ይበዛዋል፤ ወርቅ የያዘው ድንጋይ መንገድ ላይ ተቆርጦ ቀርቷል፤ መሃሉ ባዶ ነው» አልኩት።

ወደ እኔ ዞረ። «እሺ፣ አንቺስ ባዶ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

ለካ እኔም ያላየሁትን መሬት ባዶ ነው ብዬ ፈርጄበት ኖሯል።

ቢሮ ተመለስን። እሱ ቀዩን መስመር መሃሉ ላይ ሰረዘው፤ እኔ እዚያው ላይ የጥያቄ ምልክት አደረግሁ። ካርታው በገባበት ሪፖርት ውስጥ እውነት ናት ብዬ ደፍሬ የምምልላት ያቺ የጥያቄ ምልክት ብቻ ናት።