አልገጥም ያለው ቱቦ

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አቶ ኦቪድ ቋሊማ ሊገዙ ሥጋ ቤቱ ተሰልፈው ሳለ የክርስትና ልጃቸው ክሎቲልድ መጥታ ከኋላቸው ቆመች። እሳቸው በወንዙ ዳር ባለው የኬሚካል ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠሩ፣ የማራገፊያው አለቃ ናቸው፤ እሷ ምህንድስና ተምራ እዚያው ደኅንነት ክፍል ከገባች ገና ዓመቷ ነው። ሊሸሿት ፈልገው ነበር፤ ግን ሙቅ ቋሊማ ትቶ የሚሸሽ ሰው በዚያ አገር አልተወለደም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማክሰኞ ዕለት አልፎንስ የሚባል የቦቴ ሹፌር የጫነውን አሲድ በስህተት የፋብሪካው በረኪና ታንከር ውስጥ ለቀቀው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ መርዘኛ ጢስ ተነሣና ሦስት ሠራተኞች ሆስፒታል ገቡ። ደግነቱ ሁሉም ድነዋል። ሰኞ አቶ ኦቪድ «ጥፋቱ የሹፌሩ ነው» ብለው ከፈረሙ አልፎንስ ይባረራል።

«ሊፈርሙ ነው እንዴ አባባ?»

«ታዲያስ! ግራው አሲድ፣ ቀኙ በረኪና። ይኼ ምኑ ይከብዳል?»

«የሁለቱም ታንከሮች መግቢያ አፍ አንድ ዓይነት ነው እኮ። የአንዱ ቱቦ ለሌላውም ልክክ ይላል።»

«ዓይን ለምን ተፈጠረ?»

«ዓይን ይደክማላ! አልፎንስ ዐሥራ አንድ ሰዓት ነድቶ ነው የመጣው። የሚተካውም ሰው ነው፣ ይደክመዋል። ‹ማን አጠፋ?› ብቻ ካልን ሰው እንቀይራለን እንጂ አደጋው እዚያው ተቀምጦ ይጠብቀናል።»

«ወይ ጉድ! የተማረ ሁሉ የሰነፍ ጠበቃ ሆነ!» አሉ፤ ሥጋ ሻጩም ሳቀ።

ክሎቲልድ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እውነቱን ይንገሩኝ። እርስዎ አንድ ቀን እንኳ ተሳስተው አያውቁም?»

አቶ ኦቪድ ሥጋ ሻጩ እንዳይሰማ ወደ እሷ ጠጋ አሉ። ፊታቸው ቀላ።

«ዘጠኝ ዓመት ይሆነዋል» አሉ። «ጉም ነበር። የተሳሳተውን ቱቦ ገጥሜ ልከፍት ስል ሽታው አባነነኝ። መሳቂያ እንዳልሆን ብዬ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።»

«ያኔ ተናግረው ቢሆን አፉ ያኔውኑ ይቀየር ነበር፤ ሦስቱም ሰዎች ባልታመሙ። በሽታውን ያልተናገረ መድኃኒት አይገኝለትም፣ አባባ።»

ሽማግሌው ቋሊማቸውን ሳይቀበሉ ወጡ። ሰው ይህን ያህል ሲያፍር ከልቡ እየተማረ ነው።

ሰኞ በፋብሪካው ስብሰባ መካከል ብድግ አሉ። «አልፎንስን የምታባርሩ ከሆነ ከእኔ ጀምሩ» ብለው የዘጠኝ ዓመቱን ምሥጢር አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ። ከዚያ አንዱ ከወደ ኋላ እጁን አወጣ፦ «እኔም አንዴ...» ሌላውም ተከተለው። ስድስት ሰዎች ስድስት የተደበቀ ስህተት አወጡ፤ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ የማባረሪያውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያን ቀን ወዲህ የተሳሳተ አይሸማቀቅም፤ ይናገራል፣ ነገሩም ሰው ሳይጎዳ ይስተካከላል። ማዶ ያሉት ፋብሪካዎችም ሰው ልከው ይህንኑ ተምረዋል።

በሁለተኛው ወር የአሲዱ መግቢያ አፍ ጠቦ ተሠራ። የመጀመሪያውን ቦቴ ይዞ የመጣው አልፎንስ ነበር። አቶ ኦቪድ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው፣ «በል፣ የበረኪናውን ባዶ ቱቦ አሲዱ ላይ ግጠም!» አሉት።

አልፎንስ ገፋው፣ አዞረው፣ በጉልበቱ ተጫነው፤ ላብ በላብ ሆነ። «እምቢ አለ!» ብሎ ጮኸ።

ጭብጨባው ወንዙን ተሻገረ። ሽማግሌው የሹፌሩን ትከሻ እቅፍ አድርገው ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ፣ «እሰይ! ከእንግዲህ ደክሞህ ብትመጣም በሰላም ቤትህ ትገባለህ» አሉት።