መህሬ ለእቁብ አይከፈልም

በእኛ ዘመን፣ ስሙኝማ ልጆቼ፣ ሴት ልጅ የራሴ የምትለው ዕዳ እንኳ አልነበራትም። ዕዳው መጀመሪያ የአባቷ ነው፣ ኋላ የባሏ ነው። እኔ ከኩታበር ተድሬ ደሴ፣ እዚህ ሆጤ ስገባ ሳንቲም በእጄ አልነበረ፣ ብድርም አልነበረብኝ። ዕዳን ለብቻ መክፈል ምን እንደሆነ ያሳየችኝ የልጄ ልጅ ሰዓዳ ናት። ማሻአላህ በሉ! በሉ እንጂ!

ሰዓዳ ኮምቦልቻ ላይ ብቻዋን ቤት ተከራይታ የልብስ ሱቅ ከፈተች። በምን? በእቁብ። የመጀመሪያው ዕጣ ለእሷ ወጣ፣ እና ደስታችን ለጉድ ነበር። ቀድሞ የወሰደ ሰው ግን እቁቡ እስኪያልቅ በየሳምንቱ መጣል አለበት አይደል? ዋስ አምጪ አሏት። ዋሷ ማን ሆነ? እኔ! ፊደል አላውቅ፣ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ወረቀቱ ላይ ጫንኩላት።

ታዲያ ልብሱ መች ተሸጠ! ያ ረቢ! ኪራዩ ትርፉን በላ፣ ኋላም ዋናውን በላ፣ እና ሱቁ ተዘጋ። ገና የአንድ ዓመት እቁብ ይቀራታል። የእቁቡ ዳኛ ደጄ ድረስ መጣና፣ ድምፁን እንዲህ ቀጠን አድርጎ፣ «እማማ፣ እሷ ካቃታት እርስዎን ነው የምንይዘው» አለኝ። እኔ ደግሞ ከዚህች ቤት በቀር ምን አለኝ? እንቅልፍ አጣሁ።

«አብሽሪ እማዬ» አለችኝ ሰዓዳ፣ «ማንም አይነካሽም።»

እና መደርደሪያውን ሸጠች፣ መስታወቱን ሸጠች፣ ከሁለት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ገባች፣ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቀጠረች። ያ የተረፈ ልብስስ? ደሞዝ በሚከፈልበት ቀን በፌስታል ይዛ ለሥራ ባልደረቦቿ ታዞራለች። ሱቅ ተቀምጣ ያልሸጠችውን በእግሯ ሸጠችው! ደሞዟን ስትቀበል መጀመሪያ የእቁቡን ታስቀምጣለች፣ ከዚያ የኪራዩን፣ የቀረውን ትበላለች። እሑድ እሑድ በሚኒባስ ወደ ደሴ ወጥታ እቁቧን ትጥላለች፣ ስትመለስ እኔ በሶ እቋጥርላታለሁ።

የጓደኛዋ ሰርግ መጣ። ሚዜዎቹ አንድ ዓይነት ቀሚስ እናሰፋ አሉ። «እኔ ባለኝ እመጣለሁ» አለች። «ውይ፣ ይህቺስ ገንዘብ ከምታወጣ ነፍሷን ብታወጣ ይሻላታል!» አሏት። ሄደች፣ ባሮጌ ቀሚሷ ሄደች፣ ከሁሉም አብልጣ ስትጨፍር አመሸች!

አሁን ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ከሐርቡ ሽማግሌ መጡ። ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ወዷታል። እና ሽማግሌው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ልጁ የእቁብ ዕዳዋን ይክፈልላት፣ እሱው መህሯ ይሁን።» መህር እኮ ኒካህ ሲታሰር ለሴቲቱ የሚሰጥ ሐቋ ነው፣ የማንም አይደለም። እኔ ግን ምን ልደብቃችሁ፣ ቤቴ ትዝ አለኝና «አልሐምዱሊላህ!» ብዬ እሺ አልኩ። እሷን እንኳ ሳልጠይቅ!

እሑድ ስትመጣ ሽማግሌው ተቀምጠዋል። ነገርኳት። አልጮኸችም። «እማዬ» አለች፣ «መህሬን ሳልይዘው የእቁብ ሰዎች ሊይዙት ነው? ነገ ስንጣላ ‹ከዕዳ ያወጣሁሽ› ቢለኝስ?»

«ልጄ፣ ክፉ አታስቢ» አሉ ሽማግሌው።

«ክፉ አላሰብኩም አባባ። እሱ ራሱ ዕዳ የለበትም?»

ሽማግሌውን ሳል ያዛቸው። እኽ! እኽ! «እ... የባጃጁ ትንሽ ይቀራል።»

«ታዲያ የእኔን በምን ሊከፍል ነበር?»

«ከወንድሙ... ተበድሮ።»

እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ፣ ሳቄ ሊያመልጠኝ! «ይሂድና የባጃጁን ይክፈል» አለች፣ «እኔም የእቁቤን ልክፈል። ከዚያ በኋላ ከፈለገኝ ይምጣ።» ሽማግሌው ጫማቸውን እያጠለቁ «ይህቺ ልጅ ትናገራለች እንዴ!» አሉኝ። «ትናገራለች!» አልኳቸው። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ፣ እምቢ ስትል ግን ኩራቱም የእኔ ሆነ፤ ታዩታላችሁ!

እና ጨረሰች፣ ወላሂ አንድ ሳምንት ሳታጎድል! ዳኛው እቁብተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት የዋስትናውን ወረቀት በእጄ ሰጠኝ። «እማማ፣ ነፃ ነዎት» አለ፣ አሁን ድምፁ ወፈር ብሏል። ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ እልል አልኩ።

ምን አልሽ እታለም? ልጁስ?

ባለፈው ሽማግሌውን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። «የባጃጁ ሦስት ወር ይቀረዋል፣ ሰዓዳን አደራ ጠብቂልን» አሉኝ። «አይቸኩል፣ አሏህ ያግዘው» አልኳቸው፣ «እሷም ብቻዋን ስትከፍል ማንም አልተሸከመላትም!» ሃሃሃ!