ፈጣኑ ላፕቶፕ ለማን ይገባል?

በሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ከእንጦጦ በኩል የወረደ ዝናብ ወሰን ሰፈር ላይ ያዘኝና አንድ የኮምፒውተር መሸጫ ውስጥ ሮጬ ገባሁ። ልጠለል እንጂ ልገዛ አልነበረም። ገና ኮቴን ሳላራግፍ የአንዲት ወጣት ድምፅ ሱቁን ሞላው።

«አልፈልገውም አልኩ እኮ! እሱን ከሚገዙልኝ ባዶ እጄን ብመለስ ይሻለኛል!»

ዘወር ስል ተናጋሪዋን አወቅኋት። ፌበን ናት፤ የኮተቤው ጎረቤቴ የአቶ ኢታና ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የሕንፃ ንድፍ የምታጠና። አጠገቧ አባቷና ታላቅ ወንድሟ ኤልቃና ቆመዋል። አቶ ኢታና ላምበረት አካባቢ በጭነት መኪና ሥራ ኑሯቸውን ያደላደሉ፣ ቃላቸውን የሚያከብሩ፣ ነገር ግን በቤታቸው ከራሳቸው ቃል ሌላ ቃል ሲሰማ የማይወዱ ሰው ናቸው።

«እንኳን መጡ መምህር» አሉኝ፣ ፊታቸው በርበሬ መስሎ። «እስቲ ይፍረዱኝ። ለሁለቱም ላፕቶፕ ልግዛ ብዬ መጣሁ። እንዲህ ያለ አባት ይመሰገናል እንጂ በሰው ፊት ይጮኽበታል?»

ባንኮኒው ላይ ሁለት ላፕቶፖች ተከፍተው ነበር። የሱቁ ባለቤት ናዲያ እንዳስረዳችኝ፣ መልካቸውም ሚሞሪያቸውም አንድ ነው። የሚለያዩት በፕሮሰሰሩ፣ ማለትም ስሌቱን ሁሉ በሚሠራው የማሽኑ አንጎል ነው። አንዱ አይ ስሪ፣ ሌላው እጅግ የሚፈጥነው አይ ሰቨን። የዋጋቸው ልዩነት ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም። አቶ ኢታና ፈጣኑን ለኤልቃና፣ ዝግተኛውን ለፌበን ወስነዋል።

«ለምን እንዲህ ወሰኑ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ይሄ ምን ጥያቄ አለው? ወንድ ነው፤ ታላቅ ነው፤ ነገ ቤቴን የሚይዘው እሱ ነው። እሷ ታገባለች፤ ዕቃውንም ይዛ የምትሄደው ሰው ቤት ነው። ደግሞስ ለሴት ልጅ መፍጠን ምን ያደርግላታል? የሴት ልጅ ጌጧ ትዕግሥት ነው።»

እውነቱን ለመናገር ደሜ ፈላ። አባት ልጁን ሳይጠላ፣ እንዲያውም እየወደዳት፣ እንዲህ ያለ ቃል እንደ ዘበት ሲወረውርባት መስማት ከስድብ ይልቅ ያናድዳል። ቢሆንም ሽማግሌን በሰው ሱቅ መዝለፍ ነውር ነውና ቁጣዬን ዋጥ አድርጌ፣ «መጀመሪያ በምን ሥራ ላይ እንደሚያውሉት እንስማ። ኤልቃና፣ አንተ ምን ትሠራበታለህ?» አልኩ።

ኤልቃና ጫማውን እያየ «የማኔጅመንት ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን እጽፍበታለሁ፤ ኢንተርኔት እጠቀማለሁ፤ አንዳንዴ ፊልም አያለሁ» አለ።

«አንቺስ?»

«እኔ ሕንፃ ነው የምስለው መምህር። ስዬ ስጨርስ ብርሃኑን፣ ጥላውን፣ መስታወቱን አስልቶ ልክ እንደ ፎቶ እንዲያወጣልኝ ማሽኑን አዘዋለሁ። ፕሮሰሰሩን የሚፈትነው ያ ስሌት ነው። ቤት ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ግን መሐል ላይ ቀጥ ይላል። ዓምና በማስረከቢያው ቀን ቀጥ አለብኝ፤ ሥራዬ ሳይደርስ ቀረ፤ ኮርሱን ደገምኩ።» ወደ አባቷ ዞረች። «እርስዎ ያኔ ምን አሉ? ሰነፍ! ለኅብረት ጸሎት ቤታችን የመጡትን ሰዎች ‹ለሰነፏ ልጄ ጸልዩልኝ› ብለው መሐላቸው አስቆሙኝ። እጃቸውን ጭነውብኝ ሲጸልዩ ዝም አልኩ። ያኔ ታግሻለሁ አባዬ። አሁን ግን በቃኝ!»

«ማሽን ነው እንዴ ሰውን ጎበዝ የሚያደርገው?» አሉ አቶ ኢታና። «ማመካኘት ነው!»

«እሺ፣ ሲሚንቶ የሚጭኑት በምንድን ነው?» አለች ፌበን።

«በአይሱዙ ነዋ።»

«በባጃጅ ለምን አይጭኑትም? ርካሽ አይደለም?»

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች! ጭነት ለእኔ ልታስረጂ? ሲሚንቶ ቢጭኑበት ባጃጁ ወገቡ ይቆረጣል።»

«ታዲያ ለእኔ ሲሚንቶውን ሰጥተው ባጃጅ ይገዙልኛል፤ ለኤልቃና ዳቦ እንዲያመላልስበት አይሱዙ ያቆሙለታል። ባጃጁ ሲሰበር ደግሞ ሾፌሯ ሰነፍ ናት ይላሉ!»

አቶ ኢታና ወደ ባንኮኒው ጠጋ አሉ። «ንግግር ማሳመር ሌላ ነው። እኔ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም» አሉ።

«ማየት ይችላሉ» አለች ናዲያ። «የንድፍ ፕሮግራሙ ሁለቱም ላይ ተጭኗል።»

ፌበን ፍላሿን አውጥታ አንድ የሕንፃ ንድፍ በሁለቱም ላይ ከፈተችና እኩል አስጀመረቻቸው። ፈጣኑ ላይ ግድግዳው፣ መስኮቱ፣ የዛፉ ጥላ ሳይቀር እየጠራ መጣ። ዝግተኛው ጥቂት ከተንፏቀቀ በኋላ ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ቆመ። ቀጥሎ የኤልቃናን ጽሑፍ ከፈተች። ሁለቱም ላይ ወዲያው ተከፈተ፤ ማንም ቢሆን አይለያቸውም።

አቶ ኢታና ነጩን ስክሪን ትኩር ብለው አዩት። «ዓምናም እንዲህ ነው የሆነብሽ?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እንዲሁ።»

«በቃ፣ ጠብ እንዳይኖር ለሁለቱም ፈጣኑን እገዛለሁ። የአይሱዙው ሁለት ጎማ ቢቀርብኝ ነው።»

«አይሆንም አባዬ» አለ ኤልቃና። «ለእኔ ሥራ ጭማሪው ከንቱ ነው። ጎማውን ይግዙበት። ፈጣኑ የእሷ ነው።»

ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ፌበን ግን ላፕቶፑን አልነካችም። «ይሄ ብቻ አይበቃኝም። በሰው ፊት ያሉትን በሰው ፊት ይመልሱልኝ» አለች።

«አባትሽን ልታዋርጂ?» ብለው አፈጠጡ።

አሁን መታገስ አልቻልኩም። «አቶ ኢታና፣ እርስዎ እኮ ሳይጠይቁ ፈርደው ልጅዎን አዋርደዋል። እውነቱን መናገር ያስከብርዎታል እንጂ አያዋርድዎትም» አልኳቸው። ሒሳቡን ከፍለው ወጡ።

በሚቀጥለው ሳምንት ግን እኔንም ጠርተው፣ ኅብረቱ በተሰበሰበበት ተነሥተው ቆሙ። «ልጄ ሰነፍ አልነበረችም» አሉ። «የሚሰበር ዕቃ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ሲሰበርም እሷን ወቀስኩ። ይቅር በሉኝ፤ እሷም ይቅር ትበለኝ።» ፌበን ፈገግ አላለችም። «አሜን» አለች።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ልንገራችሁ። ፌበን የዓመቱን ሥራዋን በጊዜው አስረክባ ከክፍሏ ቀዳሚዎች መካከል ሆነች፤ መገናኛ ያለ አንድ መሐንዲስም በትርፍ ጊዜዋ ንድፍ ያሠራት ጀመር። ኤልቃና በርካሹ ላፕቶፕ ጽሑፉን ጨርሶ ተመረቀ፤ አንድም ቀን ዘገየብኝ ብሎ አያውቅም። ስለዚህ ፈጣን ፕሮሰሰር ተጨማሪ ዋጋ ይገባዋል ወይ ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው፤ ሥራው ከጠየቀው ይገባዋል፤ ካልጠየቀው ብክነት ነው። በሚያስፈልግበት ቦታ መቆጠብ ግን ከብክነትም ይከፋል፤ የዕቃውን ዋጋም የሰውየውን ድካምም አብሮ ይበላልና። ወንድ ነው፣ ሴት ናት፣ ታላቅ ነው፣ ታናሽ ናት የሚለው መለኪያ ከዚህ ሒሳብ ውስጥ ምንም ቦታ የለውም።

አቶ ኢታና ዛሬ ለልጆቻቸው አንዳች ነገር ከመስጠታቸው በፊት «ሥራሽ ምን ይፈልጋል? ሥራህ ምን ይፈልጋል?» ብለው ይጠይቃሉ። ጎረቤቶቼ በዚህ ያመሰግኗቸዋል፤ እኔም አመሰግናቸዋለሁ። ንዴቴ ግን ፈጽሞ አልበረደልኝም። ፌበን ይህን ጥያቄ ከአባቷ አፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰማ ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር።