ሽማግሌ ያልላከው ልዑል

ጠዋት ከአዲሱ ገበያ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ከፊቴ ሁለት ወጣት ሴቶች ተቀምጠዋል፤ አንደኛዋ ወፍራም መጽሐፍ ታቅፋለች።

«ረሳት! ክንፍ ያለው ልዑል፣ ያን ሁሉ ጦርነት የተዋጋላት ሰው፣ ክፍል ሁለት ላይ ጭራሽ ረሳት!»

«እንዴት ይረሳታል?»

«ጠንቋይዋ የሚያስረሳ ውሃ አጠጣችው! አሁን ሌላ ሊያገባ ነው። ክፍል አንድን ሁለቴ ያነበብኩት ለዚህ ነው?»

«በቃ ተረጋጊ፣ መጽሐፍ ነው።»

«ላንቺ ነው መጽሐፍ! ሱቃችን ጥልፍ የሚጠልፉት ሴቶች እኔ እያነበብኩላቸው ነው የሚሠሩት። ክፍል አንድ ሲያልቅ እልል ብለዋል። ዛሬ ሁለተኛውን እየጠበቁ ነው። አንዷን ደግሞ እጮኛዋ በቅርቡ ጥሏት ሄዷል። ምን ብዬ ነው የማነብላት?»

አጠገባቸው የተቀመጡ ነጠላ የለበሱ እናት ዞር አሉ።

«ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ይሄ ልዑል ሽማግሌ ልኮ ነበር?»

«ኧረ አልላከም፣ እማማ።»

«ታዲያ ምን ይይዘዋል! ያውም ክንፍ ያለውን ወንድ!»

«እማማ፣ እርስዎ ደግሞ! ይወዳታል እኮ!»

«ይውደዳት። ሽማግሌ ልኮ ቢሆን፣ እሱ ውሃ ጠጥቶ ቢረሳ እነሱ ያስታውሱት ነበር። ዛሬ ስታነቢላቸው ልኳል በያቸው።»

«መጽሐፉ ላይ የለማ!»

«አንባቢዋ አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

ልጅቷ መጽሐፉን ገለጠች።

ተማሪዎቼን «የተጻፈውን ብቻ አንብቡ» እያልኩ የማስተምረው እኔ፣ ሽሮ ሜዳ እስክንደርስ ድረስ ለልዑሉ የሚላኩትን ሽማግሌዎች በልቤ ስመርጥ ነበር።