ጃርቷን ያስቆማት ድምፅ

መምህርት ሶስና! ነይ እስቲ ቁጭ በይ፣ ልጄ። ዘንድሮ የሆሳዕና ከተማ ዝናብ እንዴት ነው? ትናንት ከዶዮገና የመጣ ሰው መኪና ውስጥም ጃንጥላውን አላጠፈም አሉ… እኔ አላየሁም፤ ያላየሁትን አልናገርም። ሻይ ይምጣልሽ? ድምፅሽን ግን ዝቅ አድርጊ፤ ከኋላችን ጀርባውን ሰጥቶን ሻይ የሚያማስል ሰው አለ። እንዳንረብሸው።

ቅዳሜ ለትምህርት ቤትሽ ኤግዚቢሽን አሮጌውን ኮምፒውተሬን አመጣለሁ ብዬሽ የለ? ያ ፈረንጅ የሂሳብ መምህር አገሩ ሲገባ የተወልኝን፣ ከቴሌቪዥን ጋር ተገጥሞ ፕሮግራሙን ከቴፕ ካሴት የሚያነበውን። አርባ ዓመት አልፎታል፤ ዛሬም የማያውቀውን አላውቅም ይላል። ስንት ሰው እንዲህ ይላል?

ጨዋታ ሠራሁበት። ጃርት እንሰት ልትበላ ጓሮ ትገባለች፣ ተጫዋቹ ያባርራታል። ግን ማሽኑ ይዞት በተወለደው የፕሮግራም ቋንቋ ስጽፈው፣ ጃርቷ አንዱን እግር አንስታ ሌላውን እስክታነሳ እንሰቱ ደርሶ፣ ተፍቆ፣ ቆጮ ሆኖ ይበላል! ስለዚህ የሚያፈጥናት የፕሮግራም መጻፊያ ፍለጋ ገባሁ። ቦኖሻ ስልክ የሚጠግነው ጁነዲን ከኢንተርኔት እያወረደ፣ ከስልኩ ወደ ካሴት እየቀዳ ሰጠኝ። የመጀመሪያው የማሽኑን ሜሞሪ ጠቅልሎ በላና ስሜን የምጽፍበት ቦታ ብቻ ተወልኝ፤ የአባቴ ስም አልገባም። ሁለተኛው «ስህተት አለ» ይላል። የት? አይናገርም፤ እንደ አንዳንድ ኮሚቴ። ሦስተኛው ግን… ወይ ጉድ! ስህተቱን እስከ መስመሩ ይጠቁማል፣ ቦታ አይሻማም፣ ጃርቷን ባጃጅ አደረጋት! እልልታዬን ሺንሺቾ ድረስ ሰምተውታል። መጻፊያውንም፣ አራት ወር የለፋሁበትን ጨዋታም አንድ ካሴት ላይ ቀዳኋቸው።

ታዲያ አንድ የተባረከ ሰው አለ… ስሙ ምን ያደርግልሻል? ኮምፒውተር አዋቂ ነው። እንዴት ያለ አዋቂ መሰለሽ! ሳይከፍተው ያውቀዋል፣ ሳይጠይቅ ይገባዋል። መሥሪያ ቤቱ ፕሪንተር እንቢ ሲል እሱ ይጠራል፤ እሱ ከነካው በኋላ ፕሪንተሩ እንቢ ብሎ አያውቅም። እሺም ብሎ አያውቅም እንጂ…

«ጋሼ፣ ካሴቱን ልፈትሽልዎት» ብሎ ወሰደው። ቤቱ ቴፕ ላይ ቢያስገባው… ጩኸት! መቼም ካሴት ላይ ያለ ፕሮግራም በጆሮ ሲሰማ ጩኸት ነው፤ ዋሽንት ሊሆን ነበር? እሱ ግን «ተበላሽቷል» ብሎ አዘነልኝ። ባዶውን መመለስ አሳፈረውና ራሱ በሶሎ የዘመረውን መዝሙር ቀዳበት። በሁለቱም በኩል! ደግነቱን አየሽ? ሌላ ሰው ቢሆን በአንዱ በኩል ይበቃዋል።

እኔ ምን አውቄ፣ ሲመልስልኝ ማሽኑ ላይ ገጠምኩት። ሳቅሽን ያዢ እንጂ! ምስኪኑ ማሽን ፕሮግራም መስሎት አርባ አምስት ደቂቃ ሙሉ አዳመጠ። አልተነሳም፣ ሰዓቱን አላየም፣ ለመውጣት ሰበብ አልፈለገም። መዝሙሩ ሲያልቅ አንድ ቃል ብቻ ጻፈ፦ «አልተገኘም»። ምኑ እንዳልተገኘ እኔ እንጃ… ዜማው ይሁን?

መጻፊያውን ጁነዲን ዛሬውኑ መልሶ ይቀዳልኛል። ጭንቁ ጨዋታው ነው። ኮዱ ደብተር ላይ ተጽፎ አለኝ፤ ሠላሳ ገጽ ቁጥር ብቻ። አንዱ ጮክ ብሎ ካነበበ፣ ሌላው ከጻፈ፣ እስከ ቅዳሜ ሦስት ቀን ይበቃል። ብቻዬን ግን ዓይኔ ደብተሩንና ማሽኑን እኩል አይችልም። ተማሪዎችሽ ጃርቷን ሳያዩ ይቅሩ? እስቲ ንገሪኝ፣ ሠላሳ ገጽ ሲያነብ ድምፁ የማይደክም፣ ማንም «በቃህ» ሳይለው የማያቆም ሰው እዚህ ከተማ ከየት ይገኛል?

ኧረ እኔ ማንንም አላልኩም! ያ ሰውዬ ሻዩን ማማሰል ለምን አቆመ? ስኳሩ ሟሙቶለት ይሆናል… ለማንኛውም ነገ ከምሳ በኋላ በሬ ክፍት ነው። ደብተሩም ጠረጴዛው ላይ አለ።

ደግሞ ተቀይሜዋለሁ እንዳይመስልሽ፤ እንዲያውም እመርቀዋለሁ። ዕድሜ ከጤና ይስጠው። ያንን ድምፁን አይንሳው። ከሰው ልጅ መካከልም አንድ፣ አንድ ብቻ፣ እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠው ይስጠው… አሜን በይ እንጂ፣ ልጄ! የእኔ ማሽን እንደሆነ አርጅቷል፤ ሁልጊዜ አይኖርለትም።